የታሸገው ጣሳ ውስጥ ምን አለ?

(በጊንጪ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



ክበባችሁ የጋበዘኝ ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ምን መደረግ እንዳለበት እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ግን የምጀምረው ከቫይረሱ አይደለም። የምጀምረው በየሱቁና በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ከምታዩት የሕፃናት የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ለምን ቢባል፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ የሚገኝ እናት «ጡቴ ልጄን ይጎዳብኛል» ብላ ስትፈራ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደዚያ ጣሳ ስለሆነ ነው። ጣሳው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። በየቀበሌው ስሄድ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል። ነርስ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፣ ሥራዬም የማኅበራዊ አገልግሎት ነው። መርፌ አልወጋም። የእኔ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው የሚያደርገውን ነገር ለምን እንደሚያደርገው መጠየቅ ነው። ስለ ባክቴሪያ የምነግራችሁንም አንብቤና የሙያው ሰዎችን ጠይቄ ያገኘሁት ነው፤ የባዮሎጂ መምህራችሁ ቢያርሙኝ አልቀየምም።

«ይሄ የእናቶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። በተለይ ወንዶቹ! እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናት ገበያ ስትሄድ ሕፃኑን የሚይዘው ማነው? ጡጦውን የሚያጥበው ማነው? ውሃ የሚያፈላው ማነው? እኔ በዞርኩባቸው ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእናንተ ነው።

እንግዲህ ወደ ጣሳው እንመለስ። ብዙ ሰው የታሸገ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ክዳኑ ሲከፈት «ጵስ» ይላል፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፤ ከዚህ በላይ ምን ንጽሕና አለ ይባላል። እውነቱ ግን የዱቄት ወተት ከጀርም ነፃ የሆነ ምርት አይደለም። ፋብሪካው ወተቱን በሙቀት ያክመዋል፤ ይሄ ብዙ ጀርም ይገድላል። ከዚያ በኋላ ግን ወተቱ ደርቆ ዱቄት ይሆናል፣ ቫይታሚንና ሌሎች ነገሮችም ብዙ ጊዜ በደረቁ ይጨመሩበታል፣ ይመዘናል፣ ይታሸጋል። በዚህ ጉዞ መሐል ከማሽኑ፣ ከወለሉ፣ ከአየሩ አንዳች ነገር ሊገባበት ይችላል። የታሸገውን ዱቄት እንደገና እንደ ሥጋ ቆርቆሮ መቀቀል አይቻልም፤ ዱቄትነቱ ይቀራል። ፈሳሽ ሆኖ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዓይነት ብቻ ነው በሙቀት ሙሉ በሙሉ ከጀርም የሚጸዳው። እሱ ደግሞ ውድ ነው፤ በእኛ አካባቢ ሱቅ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም።

ከሚገቡት ጀርሞች ሁለቱ በጣም ይፈራሉ። አንደኛው ሳልሞኔላ ነው፤ ስሙን ሰምታችኋል። ሁለተኛው ክሮኖባክተር ይባላል። ድሮ ስሙ ኢንተሮባክተር ሳካዛኪ ነበር፤ ሳካዛኪ የጃፓን የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበሩ፣ በክብራቸው የተሰየመ ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ሳይንቲስቶች ወገኑን ለይተው አዲስ ስም ሲፈልጉለት ከግሪክ ተረት አወጡለት። ክሮኖስ በተረቱ ልጆቹ ገና እንደተወለዱ የሚውጥ አባት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ምን ያህል እንደመረረው አስቡት።

ይህ ባክቴሪያ ለእኔና ለእናንተ ብዙም አያሳስብም። የሚያጠቃው በተለይ ከሁለት ወር በታች ያሉትን፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን፣ ክብደታቸው ያነሰውንና የሰውነታቸው መከላከያ የደከመውን ሕፃናት ነው። የሚይዘው ሕፃን ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ በሽታው ግን ክፉ ነው። ደማቸው ውስጥ ይገባል፣ ማጅራት ገትር ያስከትላል። በዚህ ባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሚይዛቸው 10 ሕፃናት እስከ 4ቱ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ከተረፉትም አእምሯቸው የሚጎዳ አለ።

የሕፃን ማጅራት ገትር በዚህ ጀርም ምክንያት መከሰቱ በሕክምና መጽሔት መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝ ነው። ዓለምን ያስደነገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ሀገር የሆነው ነው። አንድ ያለ ጊዜው የተወለደ ወንድ ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ በተለየ እንክብካቤ ላይ እያለ ትኩሳት ያዘው፤ የጀርባው ፈሳሽ ሲመረመር ይኸው ባክቴሪያ ተገኘ፤ ሕፃኑ ሞተ። መርማሪዎች ሲያጣሩ ሌሎችም ሕፃናት ጀርሙን ይዘው ተገኙ። ጠርሙሱ ይሆን? ውሃው ይሆን? የነርሶቹ እጅ ይሆን? ተባለ። በመጨረሻ የዱቄቱን ጣሳዎች መረመሩ። ከተከፈተው ጣሳ ብቻ ሳይሆን ከዚያው ምርት ካልተከፈተውም ጣሳ ባክቴሪያው በቀለ። የዘረመል አሻራው ከሕፃኑ ከተገኘው ጋር አንድ ሆነ። ያልተከፈተው ጣሳ የሚለውን አስምሩበት፤ ማንም እጁን አላስገባበትም ነበር።

ታዲያ ለምን አይመረምሩትም? ትላላችሁ። ይመረምሩታል። እንዴት እንደሚመረመር ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪ ሲባል ብዙ ሰው ጠብታ ዱቄት ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ «ይኸው፣ አለ» የሚባል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጣሳ ሙሉ ዱቄት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል። እነሱም ደርቀው፣ ደክመው፣ እንቅልፍ ላይ ናቸው። በደረቅ ዱቄት ውስጥ ከ2 ዓመት በላይ ሳይሞቱ መቆየት ይችላሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ማንቃት ያስፈልጋል። 10 ግራም ዱቄት ይመዘንና 90 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን የሚባል ምግብ ያለበት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ኢንኩቤተር በሚባል፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ሳጥን ውስጥ 37 ዲግሪ አካባቢ ለ18 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። የሰው ገላ ሙቀት ማለት ነው። የደከመው ባክቴሪያ ይነቃል፣ ይበላል፣ ይራባል። ግን ብቻውን አይደለም፤ ሌሎች ጀርሞችም አብረውት ይነቃሉ። በሁለተኛው ደረጃ ከዚያ ፈሳሽ ጥቂት ተወስዶ፣ ክሮኖባክተር ችሎ የሚያድግበት ሌላው ግን የሚታፈንበት መድኃኒት ያለው ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል፤ በ41.5 ዲግሪ አንድ ቀን ያድራል። በሦስተኛው ደረጃ አጋር በሚባለው እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ይቀባል። አጋሩ ውስጥ ቀለም የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ። ክሮኖባክተር ያንን የሚሰብር ኢንዛይም ስላለው የሚበቅልበት ነጥብ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ይሆናል። ቀለሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሌላም ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ያ ነጥብ ተለቅሞ እንደገና በሌሎች ምርመራዎች ይረጋገጣል። ሁሉም ሲደማመር ቀናት ይፈጃል። ዛሬ የዘረመል ምርመራ ነገሩን አፋጥኖታል፤ የማንቃቱ ሥራ ግን አልቀረም።

ቆይ፣ አሁን ደግሞ ወደ ሂሳብ። ካልኩሌተር ያላችሁ አውጡ።

ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ መሠረት ከአንድ ምርት 30 ናሙና፣ እያንዳንዱ 10 ግራም፣ ለክሮኖባክተር ይመረመራል፤ ለሳልሞኔላ ደግሞ 60 ናሙና፣ እያንዳንዱ 25 ግራም። አንዱም እንኳ ጀርም ሊገኝበት አይገባም። ጥብቅ ነው አይደል? አሁን አንድ ምርት አስቡ፤ ከየ100ው የ10 ግራም ቁራሽ በአንዱ ውስጥ ባክቴሪያ አለ እንበል። አንድ ናሙና ብናነሳ ንጹሑ የመድረሱ ዕድል 0.99 ነው። ሠላሳውም ንጹሕ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል 0.99ን 30 ጊዜ ከራሱ ጋር ማባዛት ነው። ስንት መጣ? 0.74። ልክ ነው። ማለትም ከእንዲህ ዓይነት 100 ምርቶች 74ቱ «ጀርም አልተገኘም» ተብለው ያልፋሉ። ላቦራቶሪው አልዋሸም፤ ባለሙያውም አልሰነፈም። ቁጥሩ ነው እንዲያ የሆነው። ከ10 ቁራሽ አንዱ የተበከለ ቢሆን ኖሮ ግን የማምለጥ ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ምርመራ ብዙ ብክለትን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ጥቂቱን ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል።

በሀብታም አገርም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 አሜሪካ ውስጥ አቦት የተባለው ኩባንያ ሚቺጋን ስተርጂስ ከሚገኘው ፋብሪካው የወጣ የሕፃናት ዱቄት ከገበያ ሰበሰበ። ዱቄቱን ከጠጡ ሕፃናት አራቱ በክሮኖባክተር ታመው ነበር፤ ሁለቱ ሞተዋል። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ውስጥ ባክቴሪያውን አገኙ፤ ነገር ግን ከሁለት ሕፃናት የተገኘው የዘረመል አሻራ ፋብሪካው ውስጥ ከተገኘው ጋር አልገጠመም። ጉዳዩ በዚህ ተንጠለጠለ። ፋብሪካው ሲዘጋ የአገሩ መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ መንግሥት በወታደራዊ አውሮፕላን ሳይቀር ከአውሮፓ ዱቄት አስመጣ። እንዲያ ያለ ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች «ከዚህ ጣሳ ነው፣ ከዚያ ጣሳ ነው» ብለው እርግጡን መናገር ሲያቅታቸው፣ እኛ በዓይናችን አይተን በአፍንጫችን አሽትተን «ንጹሕ ነው» ማለታችን የሚገርም ነው። በአገራችን ወደ አገር የሚገባውን የሕፃናት ወተት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ያልተመዘገበና ጊዜው ያለፈበት ጣሳ ካያችሁ መጠቆም ትችላላችሁ። ሆኖም ከላይ ያባዛነው ሂሳብ ለእኛም ባለሥልጣን አይለወጥም።

ስለዚህ ትልቁ መከላከያ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው። አንድ ባክቴሪያ ሆድ ገብቶ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ላያደርግ ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ሲራባ ነው። የተበጠበጠ ወተት ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ክሮኖባክተር መጀመሪያ ትንሽ ይዘገያል፤ ከነቃ በኋላ ግን በየ40 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ይሆናል። አሥር ጊዜ እጥፍ ሲሆን አንዱ 1,024 ይሆናል። ይህ 400 ደቂቃ ነው፤ ሰባት ሰዓት አይሞላም። ጠዋት የተበጠበጠ ወተት ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ተጨማሪ ምግብ ላይም ያው ነው፤ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሕፃናት ምግብ ላይ የሚገኙ ጀርሞችንና ሳልሞኔላ በምግቡ ውስጥ እንዴት እንደሚራባ የመረመረ ነበር። ጉዳዩ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ወደ ደንዲ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ላይ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ነበረች። ቫይረሱ በደሟ አለ፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች፤ ባሏ ያውቃል፣ አማቷ አያውቁም። አዲስ አበባ ያለች ዘመዷ «ጡትሽን እንዳትሰጪው፣ መርዝ ነው» ብላ ሁለት ጣሳ ዱቄት ላከችላት። ልጅቷ ጣሳውን የት ደበቀችው መሰላችሁ? የጤፍ ጎታ ውስጥ። ሰው ካየ «ጡት የማታጠባው ምን ሆና ነው?» ይላላ! ጣሳው ራሱ ስም አውጪ ሆኗል። ሌሊት ግን ሕፃኑ ሲያለቅስ አማቷ እንዳይጠረጥሩ ታጠባዋለች። ቀን ዱቄት፣ ሌሊት ጡት። ዱቄቱ ሲያጥር ደግሞ አማትየው የላም ወተት ይጨምሩበታል።

ሕፃኑ በተቅማጥ ሲደክም ነው የደረስኩት። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ደግነቱ ዳነ። ከዚያ ቤቱን ስቃኝ ጥግ ላይ ፔርሙዝ አየሁ። ከፈትኩት፤ የተበጠበጠ ወተት ነው።

«አዴ፣ ይሄ መቼ የተበጠበጠ ነው?»

«ጠዋት ነዋ፣ ልጄ። እስከ ማታ ሙቅ እንደሆነ ይቆያል፤ ጎበዝ ፔርሙዝ ነው።»

«በየጊዜው ትኩስ ቢበጠበጥለት አይሻልም?»

«በቀን ስምንት ጊዜ እሳት ልለኩስ? እንጨቱ ከየት ይመጣል? አንቺ ታመጪልኛለሽ?»

መልስ አልነበረኝም፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ሕፃን በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ይመገባል። ቅድም ስለ ኢንኩቤተር የነገርኳችሁን አስታውሱ። በላቦራቶሪ ባክቴሪያን ለማርባት ምን ይደረጋል አልን? ምግብ ያለበት ፈሳሽ፣ ለብ ያለ ሙቀት፣ ረጅም ሰዓት። ፔርሙዙ ማለት እሱ ነው። የሴትየዋ ፍቅርና ቁጠባ ኢንኩቤተር ሠርቷል። ፔርሙዝ ጥሩ የሚሆነው የፈላ ውሃ ብቻ ሲያዝበት ነው፤ ዱቄቱ የሚጨመረው ሕፃኑ ሊጠጣ ሲል ነው።

የልጅቷ ዋና ችግር ግን ፔርሙዙ አልነበረም፤ ያ «መርዝ ነው» የሚለው ቃል ነበር። ይህ ቃል ከየት መጣ? ከዘመኑ የቀረ ነው። ቫይረሱ ባለባት እናት ላይ ምንም መከላከያ ካልተደረገ፣ በእርግዝና፣ በወሊድና በማጥባት ተደምሮ ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑ ሕፃናት ሊያዙ ይችላሉ። ጡትም ድርሻ አለው፤ ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የምክር አገልግሎት ይሰጥ የነበረው «ዱቄት ወተቱ ተቀባይነት ካለው፣ ከተቻለ፣ አቅም ከፈቀደ፣ ሳይቋረጥ ከተገኘና ንጽሕናው ከተጠበቀ ጡት ይቅር» በሚል ነበር። አምስት «ከሆነ»! ሰው ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን «ጡት ይቅር» የሚለው ብቻ ነው። ምክር እንዲህ ነው፤ ወደ መንደር ሲወርድ ቅድመ ሁኔታው መንገድ ላይ ይቀራል።

ያንን ምክር በሰፊው በተግባር ያዋለችው ቦትስዋና ናት። ቫይረሱ ላለባቸው እናቶች መንግሥት ዱቄት በነፃ ያድል ነበር። በቅንነት የተሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻና በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ውሃው ተበከለ፤ ተቅማጥ ተነሳ። በ2006 የመጀመሪያ ሦስት ወራት ብቻ ከ500 በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞቱ። በአንድ ጥናት ሆስፒታል ከተኙት ሕፃናት አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ። እዚያ ጥፋተኛው በዋናነት ውሃው እንጂ ጣሳው አይደለም፤ ይህን መለየት አለብን። ግን ለሕፃኑ ልዩነት የለውም። በዚያው አገር 1,200 እናቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ውጤቱ በ2006 ወጣ። በሰባት ወራቸው ዱቄት ከጠጡት 5.6 በመቶው፣ ከጠቡት 9 በመቶው በቫይረሱ ተይዘዋል። ጣሳው እዚህ ላይ ያሸነፈ ይመስላል። የሞቱትን ስትቆጥሩ ግን ዱቄት ከጠጡት 9.3፣ ከጠቡት 4.9 በመቶ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ያዳኑትን ሌላው ጉድጓድ ወሰደው። ያ ጥናት ሲደረግ እናቶቹ እንደ ዛሬው ሙሉ መድኃኒት በዕድሜ ልክ የሚወስዱ አልነበሩም።

ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከደቡብ አፍሪካ ደርባን የወጣ ጥናት ጡትና ሌላ ምግብ የተቀላቀለላቸው ሕፃናት ጡት ብቻ ከሚጠቡት ይልቅ በቫይረሱ እንደሚያዙ አሳየ። ምክንያቱ ገና ያልጠነከረው የሕፃኑ አንጀት በሌላ ምግብና በጀርም ሲቆጣ ለቫይረሱ በር ይከፈታል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ የዚያች ልጅ «ቀን ዱቄት፣ ሌሊት ጡት» ከሁለቱም ክፉውን ማግኘት ነበር። እኛ አገር ደግሞ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማላስ፣ አብሽና ስኳር በውሃ መስጠት፣ እንገሩን ማፍሰስ አለ። አያቶቻችን በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ አያትን መቆጣት ደግሞ ሰው አያስከብርም። «አኮ፣ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ ብለውናል» ብሎ በትሕትና መናገር የእናንተ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ሌላ ነገር ይቀምሳሉ ማለት ነው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ቫይረሱ በደሟ የሚገኝ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ጀምራ ለዕድሜ ልክ ትወስዳለች። ሕፃኑም የመከላከያ ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ በስድስት ሳምንቱ ከተረከዙ የደም ጠብታ ተወስዶ ይመረመራል። እናት መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች የመተላለፉ ዕድል ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል፤ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደማ ከዚያም ያንሳል። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ ከጡት ጋር። መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አይሆንም፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ያቺ ልጅም ጤና ጣቢያ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግራ ወደ ጡት ብቻ ተመለሰች። ለአማቷ የነገርናቸው ስለ ሕፃኑ ሆድና ስለ ፔርሙዙ ብቻ ነው። ሌላውን የመናገር መብት የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም።

ዱቄት ወተት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እናቱ የሞተችበት አለ፤ በሕክምና ምክንያት ማጥባት የማትችል አለች። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በጉዳዩ ላይ ሲመክሩ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች የወለዷቸውን ሕፃናት ለይተው አነሱ፤ ዱቄቱ የሚያስፈልጋቸውም ለጀርሙ ይበልጥ የሚጋለጡትም እነሱ ሊሆኑ ስለሚችሉ። ሲያስፈልግ ግን ወጪውን ቀድሞ ማወቅ ነው፤ ለስድስት ወር 20 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ባለ 500 ግራም 40 ጣሳ ይፈልጋል። ዋጋውን ዛሬ ከሱቅ ጠይቃችሁ በ40 አባዙት። አቅም ሲያልቅ ሰው ወተቱን ያቀጥናል፤ ሕፃኑ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል።

አበጣጠሩ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ዕቃው ታጥቦ ይቀቀላል፤ ጡጦ ቀዳዳና ጥግ ስላለው ለማጠብ ያስቸግራል፣ ኩባያ ይሻላል። ውሃው ይፈላል፤ የታሸገ ውሃም ቢሆን ይፈላል። የጎረቤታችን የአምቦ ውሃ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ጋዝና ማዕድን የበዛበት ነው! ከዚያ ውሃው ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ፣ በጣሳው መለኪያ ልክ ዱቄቱ ይጨመራል። ቁልፉ ይህ ነው። ክሮኖባክተርም ሆነ ሳልሞኔላ በ70 ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ይሞታሉ። ውሃው የሚገድለው የራሱን ጀርም ብቻ ሳይሆን የዱቄቱንም ነው። አንዳንድ ጣሳ ላይ «ለብ ባለ ውሃ» የሚል ታነባላችሁ፤ ፋብሪካው ቫይታሚኑ እንዳይጎዳና ዱቄቱ እንዳይጓጉል አስቦ ነው። ለብ ያለ ውሃ ግን ጀርሙን አይገድልም፤ ያነቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያ 70 ዲግሪን ይላል፤ እኔም የምይዘው እሱን ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ኩባያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማብረድ፣ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ያንጀት ያንሰፈስፋል፣ አውቃለሁ። ይደፋል።

ሕፃኑ ካተኮሰው ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ አልጠባም ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ከተንዘፈዘፈ ጠበል ነው፣ ቡዳ ነው፣ ጥርስ ነው እየተባለ አይታደርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ።

የቀረችው የእናንተ የቤት ሥራ ናት። መመሪያው ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ይላል፤ ያኔ ከ70 አይወርድም በሚል። ግን ፊዚክስ ተምራችኋል፤ ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ጊንጪ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደንዲ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ደጋ ወደ 90 ይወርዳል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እኛ ወደ 70 የምንደርሰው ከሌላው ፈጥነን ነው፤ ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ መጠበቅ ላያዋጣ ይችላል። ከላቦራቶሪያችሁ ቴርሞሜትር ውሰዱ። አንድ ሊትር ውሃ በተከደነ ድስት፣ አንድ ሊትር ባልተከደነ፣ ግማሽ ሊትር ባልተከደነ አፍሉና ከእሳት አውርዳችሁ በየአምስት ደቂቃው መዝግቡ፤ ሦስቱም 70 የሚደርሱበትን ደቂቃ በክበባችሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። የፈላ ውሃ ስለሆነ መምህራችሁ ባሉበት ይሁን። በሚቀጥለው ወር ወደ ደጋው ቀበሌዎች ስወጣ ለእናቶቹ የምነግራቸውን ደቂቃ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ነው የምወስደው።